ወደ ንዳር በአሸዋው መንገድ

ቢራን ሳምብ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሁለት ብስክሌት በታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ደጃፉ ደረሰ። ሚስቱ ንጎኔ ዲዮፕ በሩን ተደግፋ ሳቀችበት። ገና ሲጋቡ የገባላት ቃል ነበር። አንድ ቀን ከዳካር ተነስተን፣ ባሕሩን በግራ አድርገን፣ እያዘገምን፣ በደከመን ቦታ እያደርን፣ አገርሽ ንዳር እንገባለን ብሏት ነበር። ንዳር በካርታ ላይ ሳን ሉዊ ተብላ የተጻፈችው ከተማ ናት፤ ንጎኔ እዚያ ተወልዳ፣ እዚያ አድጋ ለዳካር ተዳረች። ቃሉ ከተገባ በኋላ ግን ልጆች መጡ፣ ዝውውር መጣ። ቢራን ዣንዳርም፣ የገጠር ፖሊስ፣ ነበር። በየገጠሩ የፖሊስ ጣቢያ ከብት ሌባና ኮንትሮባንድ ነጋዴ ሲያሳድድ ጸጉሩ ቆቡ ስር ሸበተ።

«ጉልበትህ ይችላል?» አለችው።

«የኔን ጉልበት ተይው። ኮርቻው አንቺን ይችላል ወይ ነው ጥያቄው።»

እንዲህ ሳይባባሉ ውለው አያውቁም። ልጆቻቸው በዚህ ዕድሜ እብደት ነው አሉ። ንጎኔ ግን ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የባሏን የደም ግፊት ኪኒን፣ አንድ ከረጢት ኦቾሎኒና መንደሪን አሰረች፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ትቶት የሚሄደው እርጥብ አሸዋ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፣ ጎማ አይውጥም። ሲሞላ ግን ውኃው እስከ አሸዋው ኮረብታ እግር ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ ብስክሌትን ወደ ላይ ጎትቶ፣ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ነው። ለሽርሽረኛ ከዚህ የሚመች የለም። ባሕሩ ራሱ ሂዱ ይላል፣ ራሱ ዕረፉ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ሠርግ አለፉ። ዓሣ የሚያጥቡ ሴቶች እየጠሩ ምሳ አበሏቸው። ቢራን ዜማ በማያውቅ ድምፁ እየዘፈነ ከፊት ይሄዳል፤ ሲደክመው ንጎኔ አልፋው ሄዳ ከሩቅ እጇን እያወዛወዘች ትጠብቀዋለች። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ባሏ ዝግ ብሎ መሄድ እንደሚችል አታውቅም ነበር። የተጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ቢራን የዣንዳርም መታወቂያውን በሸሚዙ ኪስ ይዞት መጥቷል። ጡረተኛ ነህ፣ ምን ያደርግልሃል ብትለው፣ ወረቀት የሌለው ሰው ፍየል ነው ብሎ መለሰላት። ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ከመጨረሻው መንደር ብዙ ከራቁ በኋላ ባሕሩ መሙላት ጀመረ። ነፋሱ ከሰሜን ፊት ለፊት ይመታቸዋል። ከኋላም ከፊትም ሰው የለም፤ ሸርጣን ብቻ ከጎማቸው ስር እየሸሸ ጉድጓዱ ይገባል። ቢራን ድንገት ፔዳሉን አቆመና ወረደ። እርጥቡ አሸዋ ላይ ብዙ የእግር ዱካ አለ። የጫማም የባዶ እግርም፣ የትልቅም የትንሽም። ሁሉም ከባሕሩ ዳር ወደ ላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው የሸውሸዌ ደን ይሄዳል። የተመለሰ ዱካ የለም።

«ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ገባ?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ንጎኔ እንቀጥል አለችው። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። ግን ማዕበሉ ቁርጭምጭሚታቸውን እያጠበ ነበር፣ የሚቀጥሉበት መንገድም አልቀረም። ብስክሌታቸውን እየገፉ ወጡ።

ሰዎቹ ደኑ ውስጥ ነበሩ። መጀመሪያ ንጎኔ የተከመረ ጭነት መሰላት። ቀጥሎ ጭነቱ ዓይን አወጣ። መሬት ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ወንዶች፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆች፣ ሁሉም በዚያ ሙቀት ሁለት ሦስት ልብስ ደራርበዋል። አጠገባቸው የነዳጅ ጀሪካን፣ የብስኩት ካርቶን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ትንሽ ሻንጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ አንድ ሰው አያወራም። ከላይ ሸውሸዌው ብቻ ይንሿሿል።

ቢራንም ንጎኔም ወዲያው ገባቸው። የእነዚያን ታንኳዎች ወሬ የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም። ከዚህ ተነስተው በውቅያኖሱ ወደ ስፔን ደሴቶች የሚሄዱ፣ የሚደርሱም የማይደርሱም። ዞር ሊሉ ሲሉ ከኋላቸው ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ ጎረምሳ ቆሟል። በእጁ የዓሣ ቢላ ይዟል። ቢላውን አልሰነዘረውም፤ እንዲሁ በጭኑ ላይ ያጸዳዋል።

«ቁጭ በል፣ ሽማግሌ» አለ። «አንቺም።»

ንጎኔ የባሏን መንጋጋ አየች። ከጆሮው ስር ያለችው ጅማት ቆማለች። እንዲህ ስትቆም ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ ቢራን ሳምብን አንተ ብሎ ያዘዘው ጎረምሳ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ክንዱን ይዛ ወደ ታች ሳበችውና ሁለቱም ተቀመጡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከቢላው ይልቅ የባሏን አፍ ፈራች።

የሰዎቹ አለቃ ከዛፎቹ መካከል ቀስ ብሎ መጣ። ቀጭን፣ ዕድሜው የገፋ፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ፣ በእጁ መቁጠሪያ የሚያንከባልል ሰው ነው። እንደ አገሩ ደንብ ሰላምታውን አላሳጠረም።

«ሰላም ዋላችሁ?»

«ሰላም ብቻ» አለች ንጎኔ።

«ቤተሰብ ደህና? ልጆች? ድካሙስ እንዴት ነው?»

«ሰላም ብቻ። ምስጋና ለአላህ።»

ሰውየው ስሙ ማሳምባ እንደሆነ ነገራቸው። ምንም አትሆኑም አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ታንኳው ይሄዳል፣ እናንተም ወደ መንገዳችሁ ትሄዳላችሁ፣ እስከዚያ ግን ማንም ከዚህ ደን አይወጣም። ስልካቸውን በትህትና ተቀበላቸው። ስልኩ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረውም። ቀጥሎ ቢራንን አየና ሥራው ምን እንደነበር ጠየቀ።

«አስተማሪ ነበር» አለች ንጎኔ ባሏ አፉን ሳይከፍት። «የስፖርት አስተማሪ። ይኸው፣ ጡረታም ወጥቶ አልተወኝም።»

ማሳምባ ፈገግ አለ። «የቤተሰብ ስምሽስ?»

«ዲዮፕ።»

«ዲዮፕ!» አለ፣ ፊቱ በራ። «እኔ እኮ ንጃይ ነኝ። ታዲያ አሽከሮቻችን መሆናችሁን ለምን አልነገርሽኝም? ሩዙን ደብቁ፣ ዲዮፕ መጥታለች።»

ዲዮፕና ንጃይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፤ ስድቡ ጨዋታ ነው፣ እርስ በርስ አይጎዳዱም፣ አይቀያየሙም። ንጎኔ ይህን ጨዋታ በገበያም በለቅሶ ቤትም ሺህ ጊዜ ተጫውታዋለች። አሁን ካልመለሰች ፍርሃቷ እንደሚታወቅ ገባት።

«እንኳን ሩዝ ሊኖራችሁ፣ ንጃይ ቤት ድስቱም የተዋሳችሁት ነው» አለች።

ማሳምባ ሳቀ። በአቅራቢያ የተቀመጡትም ጥቂቶች ፈገግ አሉ። ባለ ቀዩ ኮፍያ ግን አልሳቀም። ዓይኑን ከቢራን ጀርባ አልነቀለም። ቢራን ሲቀመጥ እንኳ ጀርባው አይጎብጥም፤ ጸጉሩ ከጎንና ከጎን ተላጭቶ አናቱ ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ጫማው የተወለወለ ነው።

«ይሄ አስተማሪ አይመስለኝም» አለ ጎረምሳው። «ልፈትሻቸው።»

ማሳምባ በእጁ ፈቀደለት። ከብስክሌቶቹ ጀመረ። ከረጢቱን ፈትቶ ኦቾሎኒውን፣ መንደሪኖቹን፣ ቅያሪውን፣ የጎማ ማጣበቂያውን አሸዋው ላይ ዘረገፈ። ንጎኔ መታወቂያውን አሰበች። በላስቲክ ተሸፍኖ በባሏ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ከኪኒኑ ጋር ተቀምጧል። ከረጢቱ እንዳለቀ ወደ ሰውነት ይመጣል።

«ቢራን፣ ኪኒንህን አልዋጥክም» አለች ጮክ ብላ። «ሰዓቱ አልፏል እኮ። ኋላ እዚህ ወድቀህ ተሸከሙኝ ልትል ነው?»

ሳትጠብቀው እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። ኪኒኑንና መታወቂያውን አንድ ላይ አወጣቻቸው፤ ኪኒኑን በጣቷ ጫፍ ይዛ፣ ሌላውን በመዳፏ አፈነችው። እየተነጫነጨች አንድ ፍሬ ኪኒን ሰጠችው። ሌላው እጇ ቀሚሷ ስር ገባ፣ አሸዋውን ጫረ፣ ላስቲኩን ወደ ታች ቀበረው። እላዩ ላይ ተቀመጠችበት። ጎረምሳው ቀና ብሎ አያት። እሷም ለመንደሪኖቹ ስትል የተናደደች መስላ አፈጠጠችበት። መጥቶ ቢራንን ከአንገቱ እስከ ካልሲው ዳበሰው። ምንም አላገኘም። እሷን ግን ሴት ናትና አልነካም።

ቢራን ኪኒኑን ያለ ውኃ ዋጠ። አላመሰገናትም። እጁን አሸዋው ላይ አድርጎ በትንሹ ጣቱ የእሷን ትንሽ ጣት ነካ፤ ጣቱ ቀዝቅዟል።

ቀኑ አላልቅ አለ። አጠገባቸው ፔንዳ የምትባል ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ አንዲት ሕፃን ልጅ ተኝታለች። ንጎኔ መንደሪን ላጠችላት። ልጅቷስ አትበላም ወይ ብትላት፣ ፔንዳ ዓይኗን ሰብራ እንዳታለቅስ የሳል ሽሮፕ ሰጥተዋት መሆኑን ነገረቻት። ሁሉንም ልጆች ያጠጧቸዋል። ንጎኔ የሕፃኗን ግንባር ነካች። ላብ አለው፣ ትንፋሿም ሩቅ ነው።

ከረድፉ ውስጥ አንድ ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆነው ሰው ቢራንን ደጋግሞ ያያል። ንጎኔ ባየችው ቁጥር ዓይኑን ያሸሻል። ባለ ቀዩ ኮፍያ ውኃ ሊጠጣ ዞር ሲል፣ ሰውየው ተንፏቆ ጎኗ መጣ። ስሜ ንጃጋ ነው አላት።

«አክስቴ፣ ባልሽን አውቀዋለሁ» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ቲየስ ጣቢያ አስሮኝ ያውቃል። ወንድሜን ሲፈልጉ እኔን ያዙኝ።»

ንጎኔ የያዘችውን የመንደሪን ልጣጭ ጨበጠች።

«አልናገርም። ግን እኔን አውጭኝ። ትላንት ታንኳውን አየሁት። ሰንጥቆ በላስቲክ የደፈኑት ነው። ገብቼ መሞት አልፈልግም። መቅረት እፈልጋለሁ ብላቸው ደግሞ ጠቁሞ ያሲዘናል ብለው አይለቁኝም። ዘመዴ ነው በይ።»

«ባልልስ?»

ንጃጋ ወደ ባለ ቀዩ ኮፍያ አየ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንደ እሷው የፈራ ሰው ፊት ነው። እሱ ነው የባሰ ያስፈራት። የፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ተነስታ ወደ ማሳምባ ሄደች። ያ ልጅ የአክስቴ ልጅ ነው አለችው፤ አሁን ነው ያወቅኩት፣ እናቱ ማልቀስ ከጀመረች ወር ሆኗታል፣ ስጡኝ። ማሳምባ መቁጠሪያውን አቆመና አያት።

«ዲዮፕ ደን ውስጥ ዘመድ ታበቅላለች ማለት ነው» አለ። «መቼም መዋሸት አትችሉበትም። ይሁን፣ ታንኳው ይቀልለዋል። እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ይቆይ፤ የከፈለውን ግን አይጠይቀኝ።»

ልቧ መለስ ሊል ሲል፣ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ባለ ቀዩ ኮፍያ ለማሳምባ የሚለውን ሰማች። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልደከመም። እነዚህ ያዩ ዓይኖች ናቸው አለ። ታንኳው ከሄደ በኋላ ምን እናደርጋቸዋለን?

ንጎኔ ቆማ የማሳምባን መልስ ጠበቀች፣ ዛፍ የምትደገፍ መስላ ጠበቀች፤ አንዲት ቃል አልተናገረም። መቁጠሪያው ብቻ ተመልሶ መንከባለል ጀመረ። ይህን ለቢራን አልነገረችውም።

ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ስትቀላ ከሩቅ ትልቁ ታንኳ ታየ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ባሻገር ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ትንሽ ታንኳ ወደ ዳር መጣና ሰዎቹን በረድፍ አወረዷቸው፤ ቢራንንና ንጎኔን ከነብስክሌታቸው፣ ንጃጋንም ከዓይን እንዳይርቁ አብረው አወረዷቸው። የመጀመሪያው ጭነት ማዕበሉን ጥሶ ወጣ። ትንሿ ታንኳ ባዶዋን ተመለሰች። ሁለተኛው ጭነት ከመጀመሪያው በዛ፤ ቀኑ እየመሸ፣ ባሕሩም እየተቆጣ ስለነበር ባለ ቀዩ ኮፍያ ሰዎቹን በጀርባቸው እየገፋ አጨቃቸው። ፔንዳ ልጇን ደረቷ ላይ በጨርቅ አስራ ስትገባ ወደ ንጎኔ ዞር ብላ አየች። ንጎኔ ተመለሽ ልትላት ፈለገች። ጎረምሳው አጠገቧ ነበርና ዝም አለች።

በዚህ ግርግር መካከል ንጃጋ ጠፋ። ንጎኔ ዞር ስትል ከኮረብታው እግር ስር ተደግፎ የነበረው የቢራን ብስክሌት የለም፤ ሰሜን ላይ፣ በእርጥቡ አሸዋ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እየጋለበ እያነሰ ይሄዳል። ቢራንም አይቷል። ጎረምሳው አላየም፤ ታንኳዋን እየገፋ ነበር።

ማዕበሉ ታንኳዋን በጎኗ አገኛት። ንጎኔ በልጅነቷ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ያደገች ናት፤ የታንኳዋ አፍንጫ ሲዞር ገና አወቀችው። ታንኳዋ ቀና አለች፣ ለአፍታ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ እንደ ድስት ክዳን ተገለበጠች። ጩኸቱ ዘግይቶ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው፣ እሱን እስከ ዛሬ አትረሳውም።

ከዚያ ድምፅ ሰማች። ቀኑን ሙሉ እንዳይወጣ ስትጸልይበት የነበረው ድምፅ ነው። ቢራን ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያዝዛል።

«እጅ ለእጅ ተያያዙ! አንተ፣ ቀበቶውን ያዝ! ገመዱን አምጣ፣ ጀሪካኑን ባዶ አድርጋችሁ ወርውሩላቸው! ማንም ብቻውን አይግባ!»

ያ ድምፅ የስፖርት አስተማሪ ድምፅ እንዳልሆነ ደንቆሮም ይለየዋል። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ እንደታዘዙት ሆኑ። ማሳምባም የዝናብ ልብሱን አውልቆ ጥሎ፣ የሰው ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ወደ ጥልቁ ገባ። ባለ ቀዩ ኮፍያ ብቻ ውኃው ዳር ቆሞ ቢራንን አየው፣ ቢላውን አየው፣ ከዚያ ወደ ኮረብታው ሮጠ። ከማዕበሉ ባሻገር የትልቁ ታንኳ ሞተር ተነሳ፤ ለሰዎቹ አልጠበቀም፣ ወደ ጨለማው ሄደ። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ንጎኔ ከውኃው የወጡትን እየጎተተች አሸዋው ላይ ታስተኛለች፤ አፋቸውን ትጠርጋለች፣ ጀርባቸውን ትደበድባለች። አንዳንዱ ያስታውካል፣ ይተነፍሳል። አንዳንዱ አይተነፍስም። ፔንዳን ሁለት ሰዎች ተሸክመው አመጧት፣ ክንዷ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል፤ ደረቷ ላይ ያሰረችው ጨርቅ ባዶ ነው። መጮህ እንኳ አልቻለችም፤ ጨርቁን ብቻ ታሳያለች።

ሕፃኗን ያወጣት ማሳምባ ነው። ከማዕበሉ ስር በራሱ ወጣ፣ ልጅቷን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ይዟት። አሸዋው ላይ ወድቆ፣ ገልብጧት ጀርባዋን መታ፣ እንደገና መታ፤ ልጅቷ አሳለች። ማሳምባ ደረቱ ውስጥ ከትቶ አቀፋትና ሌሊቱን ሙሉ ለማንም አልሰጣትም።

ርዳታ ማንም ካሰበው በፊት መጣ። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ካለው መንደር ዓሣ አጥማጆች በባትሪ፣ ቀጥሎ ዣንዳርሞች በመኪና። አንድ ሰው በብስክሌት እየጋለበ መጥቶ የመስጊዱን በር እስኪሰበር ደበደበ፣ ታንኳ ልትሄድ ነው፣ ሰዎች ሊሞቱ ነው ብሎ ተናገረ አሉ። ገና ስለ መገልበጡ አያውቅም ነበር። ማን ነው ሲሉት ስሙን ሳይናገር ጠፋ። ብስክሌቱ መስጊዱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ተገኘ። ንጃጋን ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

ሲነጋ፣ ከሞት የተረፉት ብርድ ልብስ ተጥሎላቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተሸፈኑት ተጋድመዋል። ክንዷ የተሰበረውን ፔንዳን ሌሊቱን ወደ ሳን ሉዊ ሆስፒታል ወስደዋታል። ኮረብታው ላይ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቁልቁል ያያል። የጣቢያው አዛዥ ወጣት መኮንን ነው፤ ቢራንን ሲያይ ደንግጦ ሰላምታ ሰጠው፣ አለቃዬ አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ማሳምባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሕፃኗን አቅፎ፣ ከተረፉት መካከል እንደ አንዱ ተቀምጧል። ሰላምታውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

መኮንኑ ይህን ጉዞ ያዘጋጀው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም አሸዋውን አየ። ቢራን ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደ። አፉን ከፈተ። ቆመ።

ንጎኔ ባሏ ለምን እንደቆመ አልገባትም። እሷ ግን ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ለልጆቹ የተሰጠው ሽሮፕ ታወሳት፤ ዝም ብሎ የተንከባለለው መቁጠሪያም ተሰማት። ከማዕበሉ በላይ የተያዘችው ሕፃንም ታየቻት። ተነሳች፤ ድምፅዋ እንደማይወጣ ፈርታ ነበር፣ ወጣ።

«ይህ ሰው ነው የሰበሰባቸው» አለች፣ በጣቷ እያሳየች። «ልጅቷንም ከባሕር ያወጣት ይህ ሰው ነው። ሁለቱንም ጻፉ።»

ማሳምባ ተነሳ። አልሸሸም፣ አልተሳደበም። መጥቶ ሕፃኗን ክንዷ ላይ አስቀመጠላት። «አንገቷን ደግፊያት» አላት፣ እና እጁን ለዣንዳርሞቹ ሰጠ።

ብስክሌቶቹን የዣንዳርሞቹ መኪና ላይ ጫኑላቸውና ቀሪውን መንገድ በአስፋልቱ ተጉዘው ሳን ሉዊ ገቡ፤ ሕፃኗ ንጎኔ ጭን ላይ ናት። ድልድዩን ሲሻገሩ ንጎኔ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ወንዝ ማየት አልፈለገችም። የእህቷ ቤት ዓሣና ሩዝ ተሠርቶ ሲጠብቃቸው ነበር። ማንም አልበላም። ፔንዳ ክንዷ በጀሶ ታሽጎ ከሆስፒታል እስክትወጣ ልጅቷ እነሱ ዘንድ ቆየች። ልትወስዳት የመጣች ቀን፣ ንጎኔ እንደገና ትሞክሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ፔንዳ ልጇን በደህናው እጇ አቀፈቻት።

«አላውቅም፣ እናቴ» አለች። «ከባሕሩ ይልቅ የመንደሬ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነው አሁን የሚያስፈራኝ።»

የዚያን ዕለት ማታ ቢራን አልጋውን ከባሕሩ በኩል ካለው ክፍል አውጥተን ወደ መንገዱ በኩል እናድርገው አለ። ንጎኔ የማዕበሉ ድምፅ ነው ወይ አለችው። አይደለም አለ። መስኮቱ ዝቅተኛ ነው፣ ከአሸዋው ላይ ሰው በቀላሉ ይገባበታል። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እስከዚያ ያልገባትን ነገር ነገራት። ያን ጠዋት አሸዋው ላይ አፉን የከፈተው ማሳምባን ሊጠቁም ነበር። ቀና ሲል ኮረብታው ላይ ከተሰበሰበው የመንደር ሰው መካከል አንዱን አየ። ቀዩን ኮፍያውን አውልቋል፤ ግን እሱ ነው። ቢራንን ቀጥ ብሎ ያየዋል።

«ምራቄ ደረቀ» አለ። «ዕድሜዬን ሁሉ ሰው ስጠቁም ወገቤ ላይ ሽጉጥ ነበረ። ያን ቀን ምንም አልነበረኝም። አንቺ ስትነሺ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ አንቺ ላይ አደረገው። ንጎኔ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።»

ወዲያው ለመኮንኑ ነግሮት ነበር፤ ሰዎች ወደ ኮረብታው ሮጡ፣ ሰውየው ግን አልነበረም። እስከዚያ ማታ ድረስም አልተያዘም።

ንጎኔ ባሏ ፈራሁ ሲል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ተነስታ የአልጋውን አንድ ጫፍ ያዘች፣ እሱ ሌላውን ያዘ፤ እህቷን ላለመቀስቀስ ወለሉን ሳያስጮሁ፣ በየበሩ እያዘነበሉ፣ ወደ መንገዱ በኩል ወዳለው ክፍል ወሰዱት። በሩን ቆለፈች። መብራቱን ግን አላጠፋችም፤ ቢራንም አጥፊው አላላትም።